ሁለተኛው ገጽ ላይ ለምትነሳ ልጅ እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ተኩል ሴት ልጅና የ9 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ማታ ማታ ለትልቋ መጽሐፍ አነብላታለሁ። ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ተነስታ ትሄዳለች። ካልሄደችም አንብቤ ሳልጨርስ ገጹን ትገለብጥብኛለች። ወይ ደግሞ አዲሱን መጽሐፍ ትታ ያንኑ የድሮውን «ድገምልኝ» ትላለች። «ዝም ብለሽ አዳምጪ» ስላት ታኮርፋለች፤ እኔም እበሳጫለሁ። ድምፄም ለተረት የሚሆን አይደለም። ንባብ እንድትወድ ብዬ ጭራሽ እያስጠላኋት ይሆን? ለትንሹስ መቼ ልጀምር?

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ አላስጠላሃትም። መጽሐፍ ያስጠላት ልጅ መጽሐፍ ይዛ መጥታ «ድገምልኝ» አትልም። የጻፍከውን ደጋግሜ አየሁት። መነሳቱም፣ መገልበጡም፣ አንዱን መጽሐፍ ሙጭጭ ማለቱም በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኔን ያሳሰበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዝም ብለሽ አዳምጪ» የሚለው።

ይህን የምለው ልወቅስህ አይደለም። ንባብ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ሥዕል ይኸው ነው። አንዱ ያነባል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ ይሰማል። ለ3 ዓመት ልጅ ግን መጽሐፍ መሃል አስቀምጦ መጨዋወት ነው። እሷም የምትናገረው፣ የምትነካው፣ የምትወስነው ነገር ሊኖራት ይገባል። ድርሻ ከሌላት ይደብራታል። ድርሻ ካገኘች አንተ ደክሞህ እሷ «ገና ነው» ትልሃለች።

መጀመሪያ የገጽ መገልበጡን ነገር እንየው። አንተ ጽሑፉን ስታነብ እሷ ምን እያየች ነው? ተመራማሪዎች ትንንሽ ልጆች ሲነበብላቸው ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታትለው አይተዋል። ልጆቹ የሚያዩት ሥዕሉን ነው። ፊደሎቹን ከቁብ አይቆጥሯቸውም። እንግዲህ አስበው። ገጹ ላይ አንድ ሥዕልና 6 መስመር ጽሑፍ አለ። እሷ ሥዕሉን አይታ ጨርሳለች። አንተ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነህ። በእሷ በኩል ገጹ አልቋል፤ ስለዚህ ትገለብጣለች።

እዚህ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን አሳጥርላት። 6ቱን መስመር በአንድ ወይም በሁለት አጭር አረፍተ ነገር ንገራት። መጽሐፉ ላይ ያለው ሁሉ ቃል በቃል መነበብ አለበት የሚል ሕግ የለም። «በመሆኑም»፣ «ይህንንም ተከትሎ» የሚሉ ቃላት የሞሉበት የልጆች መጽሐፍ ሲያጋጥመኝ እኔ ራሴ እዘላቸዋለሁ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የተጻፈው ለልጁ ሳይሆን ለሚገዛው ወላጅ ይመስለኛል። ልጅህ ስትገለብጥ አብረሃት ሂድ። ወደ ኋላ ብትመልስህ ተመለስ። ከመሃል ብትጀምር ከመሃል ጀምር። መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር መጨረስ የእኛ የአዋቂዎች ሐሳብ ነው። ለእሷ ዛሬ ማታ አንድ ገጽ ላይ 5 ደቂቃ ብትቆዩና በዚያው ብትተኛ መጽሐፉ በደንብ ተነቧል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1988 ግሮቨር ዋይትኸርስት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አሳተመ። ልጆቹ ከ2 ዓመት በጥቂት ወራት ከሚያንሱት ጀምሮ 3 ዓመት ሊሞላቸው እስከተቃረቡት ድረስ ነበሩ። ወላጆቻቸው ሁሉ ቤታቸው ያነቡላቸዋል። ግማሾቹ ወላጆች ግን የተለየ የአነባበብ መንገድ ተማሩ። ብቻቸውን ከማንበብ ይልቅ ልጁን ይጠይቁ ጀመር። ልጁ ሲመልስ መልሱ ላይ ጥቂት ቃል ይጨምሩለታል። እንዲያወራም ቦታ ይለቁለታል። የቀሩት ወላጆች እንደወትሯቸው አነበቡ። ከ1 ወር በኋላ በመጀመሪያዎቹ ወላጆች የተነበበላቸው ልጆች በመናገር ችሎታቸው ከሌሎቹ ልቀው ተገኙ። አንድ ወር ብቻ ነው የፈጀው! እኔ ይህን ጥናት ካነበብኩ በኋላ ከልጆች ጋር የማነብበት መንገድ ፈጽሞ ተለወጠ።

ዘዴው አራት እርምጃ አለው። ትጠይቃታለህ። መልሷን ትቀበላለህ። ጥቂት ትጨምርበታለህ። ከዚያ የጨመርከውን እሷም እንድትለው ታደርጋለህ። እንዲህ ሲጻፍ የክፍል ትምህርት ይመስላል። ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ተራ ጨዋታ ነው። ሥዕሉ ላይ አንድ አልጋ አለ እንበል። ከአልጋው ስር የቡችላ ጭራ ብቻ ይታያል። በመስኮቱ በኩል መብረቅ ይበርቃል።

«ቡችላው የታለ?»

«እዚ!»

«እውነትም! አልጋ ስር ተደብቋል።»

«ተደብቋል።»

«ምን ሆኖ ነው የተደበቀው?»

ዝም ትላለች። ሥዕሉን ታያለች። ቆይታ ጣቷን መስኮቱ ላይ ትጭናለች።

«ጓ አለ።»

«አዎ፣ ነጎድጓዱ ጓ ሲል ደነገጠ። ደንግጦ አልጋ ስር ሹልክ አለ።»

«ደንግጦ ሹልክ አለ። እኔም ደነገጥኩ።»

«አንቺም? መቼ?»

እዚህ ላይ ስትደርሱ ጽሑፉን እርሳው። «እኔም» ያለችው የራሷን ሕይወት አምጥታ መጽሐፉ ውስጥ ስታስገባው ነው። ይቺ ልጅ ነገሩ ገብቷታል። የደነገጠችበትን ቀን ታውራልህ። ወደ ቡችላው ትመለሳላችሁ፤ ባትመለሱም ግድ የለም።

አንድ ነገር ልብ በልልኝ። «ምን ሆኖ ነው?» ከተባለች በኋላ ዝም ብላ ነበር። እኛ አዋቂዎች ይህን ዝምታ አንችለውም። ጠይቀን ሳንጨርስ መልሱን እኛው እንናገራለን። የ3 ዓመት ልጅ ግን ጥያቄውን ሰምታ፣ ሥዕሉን መርምራ፣ ቃሉን ፈልጋ እስክታገኝ ጊዜ ያስፈልጋታል። በሆድህ እስከ 5 ቁጠር። መጀመሪያ ላይ ይረዝምብሃል። ግን ብዙ ጊዜ 4 ላይ ስትደርስ ልጅቷ ትናገራለች።

የጥያቄው ዓይነትም ወሳኝ ነው። ብዙ ወላጅ «ጠይቅ» ሲባል እንዲህ ይጀምራል። «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ? ቀለሙ ምንድን ነው? ስንት ናቸው? ቁጠሪያቸው እስኪ።» ይህ ፈተና ነው። ልጆች ፈተና ሲሸታቸው ይነሳሉ፣ ደግሞም እውነታቸውን ነው። አንተ መልሱን የምታውቀውን ነገር ለምን ትጠይቃታለህ? መልሱ እሷ ዘንድ ብቻ ያለውን ጠይቃት። «አንቺ ብትሆኚ የት ትደበቂ ነበር?» «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስልሻል?» «ከነዚህ ሁሉ የትኛው ደስ አለሽ?» ደግሞ አታብዛው። አንድ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ይበቃል። አንዳንዱ ገጽ ላይ አንድም ባይኖር ጥሩ ነው። መጠየቅ ሲደክምህ ዝም ብለህ የተሰማህን ተናገር፤ «ይሄ ቡችላ አሳዘነኝ» በል። ብዙ ልጆች ከጥያቄ ይልቅ ለእንዲህ ያለ ወሬ ቶሎ ይመልሳሉ።

በአማርኛ የምናነብ ሰዎች ደግሞ አንድ ትልቅ ጸጋ አለን። ግሣችን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አረፍተ ነገሩ እስከ መጨረሻው ተንጠልጥሎ ይቆያል። ይህን ተጠቀምበት። «ዝንጀሮዋ ዛፉ ላይ ወጣች። ቅርንጫፉ ሲጥ ሲጥ አለ። ከዚያ ዝንጀሮዋ…» ብለህ ቁም። ዓይን ዓይኗን እያት። «ወደቀች!» ስትል ፊቷ ላይ የምታየውን ደስታ እኔ በቃል ልገልጽልህ አልችልም። ታሪኩን የጨረሰችው እሷ ናት። የምታውቀው መጽሐፍ ሲሆን በየገጹ የመጨረሻዋን ቃል ተውላት። የማታውቀው ሲሆን ደግሞ ትገምት። «በረረች!» ብትል «አይ፣ አይደለም» አትበላት። «ክንፍ ቢኖራት ትበር ነበር፤ እስኪ ምን እንደሆነች እንይ» ብለህ ገጹን ግለጥ።

አሁን ስለ ድምፅህ። «ለተረት የሚሆን አይደለም» ያልከው ከልብህ እንደሆነ ይገባኛል፤ ብዙ አባቶች እንዲህ ይሉኛል። ልጅህ ግን ያንተን ድምፅ ከተወለደች ጀምሮ ታውቀዋለች። የተዋናይ ድምፅ አትፈልግም። ለእያንዳንዱ እንስሳ የተለየ ድምፅ ማውጣትም የግድ አይደለም፤ ደስ ካለህ አድርገው፣ ካፈርክ ተወው። እኔ ከሁሉ አስቀድመህ አስተካክለው የምለው ፍጥነትን ነው። በጣም ነው የምንፈጥነው። ዜና እንደሚያነብ ሰው እንሮጣለን። ዝግ በል። የሚያስፈራው ቦታ ጋ ስትደርስ ድምፅህን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዝቅ አድርገው፤ ልጅቷ ራሷ ጠጋ ትልሃለች። ሩጫ ካለ ፍጠን። ከዚያ ድንገት ቁም። በዚህ ብቻ ብዙ መንገድ ትሄዳለህ።

ቋንቋችን ራሱ ያግዝሃል። መጽሐፉ «ወደቀ» ካለ አንተ «ዘጭ አለ» በል። «ተነሳ» ካለ «ብድግ አለ»። «ሄደ» ካለ «ውልቅ ብሎ ሄደ»። ኮሽ፣ ሹልክ፣ ብልጭ፣ ዘፍ፣ ድርግም፤ እነዚህ ቃላት ለልጅ ጆሮ እንደ አሻንጉሊት ናቸው። አንድ ጊዜ የሰሙት ቀኑን ሙሉ ሲሉት ይውላሉ። ጭንህ ላይ ከተቀመጠች ደግሞ «ዘጭ» ስትል ጉልበትህን ድንገት ዝቅ አድርገው። አንዴ ከቀመሰችው ያቺን ገጽ እስክትደርሱ ትንፋሿን ውጣ ነው የምትጠብቀው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ምክር አለኝ። መጽሐፉን ለእሷ ከማንበብህ በፊት ለብቻህ አንዴ እየው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «ጅቡ ይበላል» የሚለውን ውሰድ። «በ»ን አላልተህ ካነበብከው ጅቡ በይ ነው። አጥብቀህ ካነበብከው ተበይ ነው። አንድ ቀን ለልጆች ሳነብ ይቺኑ ዓይነት ቃል አጥብቄ አነበብኳት። መጽሐፉን የሚያውቅ የ4 ዓመት ልጅ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «አይደለም! እሱ ነው የሚበላቸው!» አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ያ ልጅ እየሰማኝ ብቻ አልነበረም። ታሪኩን ከኔ እኩል ይዞት ነበር።

«ድገምልኝ»ን በተመለከተ፣ እባክህ ድገምላት። እንደሚያሰለች አውቃለሁ። ለ30ኛ ጊዜ ያንኑ ማንበብ ጨጓራ ይልጣል። ለእሷ ግን ድግግሞሹ ሥራ አለው። እንግሊዝ አገር በሚገኘው ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ይህን አሳይቷል። የ3 ዓመት ልጆችን ለሁለት ከፈሏቸው። ታሪኮቹ ውስጥ ለልጆቹ ፈጽሞ አዲስ የሆኑ ቃላት አሉ። ግማሾቹ ልጆች ያንኑ ታሪክ ደጋግመው ሰሙ። ግማሾቹ ቃላቱን በተለያዩ ታሪኮች ውስጥ ሰሙ። አዲሶቹን ቃላት ሁለቱም የሰሙት እኩል ጊዜ ነው። ቃላቱን አስታውሰው የተገኙት ግን አንዱን ታሪክ የደገሙት ናቸው።

ምክንያቱን ስታስበው ግልጽ ነው። መጀመሪያ ሲነበብላት ሐሳቧ ሁሉ «ምን ሊሆን ነው?» የሚለው ላይ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ታሪኩ ስለሚታወቅ ሥዕሉ ጥግ ላይ ያለችውን ጉንዳን ታያለች። ሦስተኛ ጊዜ «ይቺ ‹ተሸማቀቀ› የምትል ቃል ምንድን ናት?» ትልሃለች። ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ለትንሽ ልጅ ትልቅ ደስታ ነው። ቀኑን ሙሉ ሌሎች በሚወስኑላት ዓለም ውስጥ ነው የምትውለው። ይህ መጽሐፍ ግን የምታውቀው ነገር ነው።

የኔ ልጅ ትንሽ ሳለች አንድ የምትወደው መጽሐፍ ነበራት። ሰልችቶኝ አንድ ቀን ቁም ሳጥን ላይ ደበቅኩት። ሌሎች አዳዲስ መጻሕፍት ዘረጋሁላት። አንዱንም አልነካችም። መሬት ላይ ተቀምጣ መዳፎቿን እንደ መጽሐፍ ዘርግታ፣ የተደበቀውን ታሪክ በቃሏ «ስታነብ» አገኘኋት። ገጽ ስትገልጥ እጇን ታንቀሳቅሳለች። እኔ ቆም የምልበት ቦታ ላይ ትቆማለች። መጽሐፉን ወዲያው አውርጄ ሰጠኋት። እስከዛሬ ሳስበው ያንን መጽሐፍ በመደበቄ ይቆጨኛል።

ሲሰለችህ አንድ መላ ልስጥህ። ተራ ተለዋወጡ። «ዛሬ አንቺ አንብቢልኝ» በላት። ሥዕሉን እያየች ትንገርህ። ብትሳሳት አታርማት። አንተ ደግሞ እሷ ስታነብ ጥያቄ ጠይቅ፣ ደንግጥ፣ ሳቅ። አዲስ መጽሐፍ ማስገባት ከፈለግህም የድሮውን አትንጠቃት፤ አዲሱን አስቀድመህ አጠር አድርገህ አሳያትና በድሮው ጨርሱ።

ጊዜውንም አስብበት። ንባብ ሁሉ ማታ፣ ከመኝታ በፊት መሆን አለበት ያለ የለም። አንዳንድ ልጅ በዚያ ሰዓት ደክሞታል፤ የሚነሳው መጽሐፉን ጠልቶ አይደለም። ጠዋት ስትነቃ፣ ወይም ቀን ላይ ተራ ስትጠብቁ፣ 5 ደቂቃ ሞክር። በቀን አንዴ 30 ደቂቃ ከሚሆን ሦስት ጊዜ 5 ደቂቃ ቢሆን ለዚህ ዕድሜ ይሻላል ባይ ነኝ። ሲደብራት ከማቆም ይልቅ ገና እየጣማት አቁም። የምትንቀሳቀስ ልጅ ከሆነች ደግሞ ተንቀሳቅሳ ትስማህ። ቆማ፣ ተንጋልላ፣ ኳስ እያንከባለለች የሚሰሙ ልጆች አሉ። ጀርባዋን ሰጥታህ ስትጫወት አልሰማችም ትላለህ፤ ነገ ግን ያነበብከውን ቃል በቃል ትነግርሃለች።

ስልክህን ከክፍሉ አውጣው። ስለ ስክሪን መጽሐፍ ለሚጠይቁም አንድ ነገር ልበል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት 37 ወላጆችን ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ሲያነቡ ተመልክቷል። በወረቀት መጽሐፍና በታብሌት መጽሐፍ መካከል ያለውን ልዩነት አየ። በታብሌቱ ጊዜ ወላጅና ልጅ እርስ በርስ ያወሩት ያነሰ ነበር። እስካሁን ያልኩህ ሁሉ ጨዋታው ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ወረቀቱን እመርጣለሁ።

መጽሐፍ ስለመምረጥ ብዙ አልልም። እሷ ትምረጥ። መጻሕፍቱ የሽፋን ሥዕላቸው ወደ ፊት ዞሮ፣ እጇ የሚደርስበት ዝቅ ያለ ቦታ ይቀመጡ። ጥቂት ቢሆኑም ግድ የለም። ጽሑፍ የሌለው የሥዕል መጽሐፍም መጽሐፍ ነው፤ እንዲያውም «ልክ አላነበብክም» የሚል ስለሌለ ለሚያፍሩ ወላጆች ደስ ይላል። ወረቀት አጥፈህ ሰፍተህ፣ የራሷን ፎቶዎች ለጥፈህ፣ ከስራቸው አንዳንድ አረፍተ ነገር ብትጽፍበት እሷ ዘንድ ከዚያ የሚበልጥ መጽሐፍ አይገኝም።

ፊደል ማስተማሩን ግን ከዚህ ጨዋታ ጋር አታደባልቀው። «ይቺ ፊደል ማን ናት?» እያልክ በየመስመሩ ካስቆምካት ታሪኩ ይሞታል። አልፎ አልፎ ርዕሱን በጣትህ እየተከተልክ አንብብ። የራሷ ስም የሚጀምርበት ፊደል ሲገኝ «አየሻት? ያንቺ ፊደል!» በል፤ ከዚያ እለፍ። ከጽሑፍ የሚነበብ ነገር እንዳለ እንድታውቅ ይህ ይበቃታል። አሁን የምትሰበስበው ቃላትን ነው። ዶናልድ ሄይስና ማርጋሬት አሬንስ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንግሊዝኛ በተጻፉ የልጆች መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት ብዙ የማይሰሙ ቃላት፣ የተማሩ አዋቂዎች እርስ በርስ ሲያወሩ ከሚጠቀሙባቸው ይበልጣሉ። ነገሩ እኛም ዘንድ ይታያል። ቤት ውስጥ «ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ» እያልን ነው የምንውለው። «ተሸማቀቀ»፣ «አደባ»፣ «ተንጠራራ» የሚሉትን ቃላት የምታገኛቸው ከመጽሐፉ ነው።

አሁን ትንሹ። መቼ ልጀምር ላልከው፣ ዛሬ ጀምር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ሐኪሞች ይህንኑ ለወላጆች እንዲመክሩ አሳስቧል፤ ከሕፃንነት ጀምራችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ ይላል። አንቶኒ ዴካስፐርና ሜላኒ ስፔንስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 የሚያስደንቅ ነገር አሳይተዋል። እናቶች በእርግዝናቸው የመጨረሻ 6 ሳምንታት አንድን ጽሑፍ በየቀኑ ጮክ ብለው አነበቡ። ሕፃናቱ ከተወለዱ በኋላ የሚሰሙት ጽሑፍ እንደ ጡጦ አጠባባቸው እንዲለዋወጥ ተደረገ፤ እነሱም አጠባባቸውን እየቀያየሩ ያንን ጽሑፍ ከሌላው ይልቅ ለመስማት መረጡ። ቃሉ ገብቷቸው አይደለም። ዜማውን አውቀውት ነው።

የ9 ወር ልጅ መጽሐፍ ሲሰጡት መጀመሪያ ይበላዋል። ይብላው። በዚህ ዕድሜ ነገር የሚመረመረው በአፍ ነው። ወፍራም ካርቶን የሆነ፣ የማይቀደድ፣ በየገጹ አንድ ትልቅ ሥዕል ያለው ስጠው። ማንበብ የምትለው ነገር ከአንድ ደቂቃ ላይበልጥ ይችላል። ጀሮም ብሩነርና አናት ኒንዮ እ.ኤ.አ. በ1978 አንዲት እናትና ሕፃን ልጇ መጽሐፍ ሲያዩ የሆነውን በዝርዝር ጽፈዋል። እናቲቱ የምታደርገው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «እይ!» ትላለች። «ይሄ ምንድን ነው?» ትላለች። ልጁ ፈገግ ቢል፣ ድምፅ ቢያሰማ፣ እጁን ቢዘረጋ እንደ መልስ ትቀበለዋለች። ከዚያ ስሙን ትነግረዋለች። ከሕፃን ጋር ማንበብ ይኸው ነው። «ባ» ቢል «አዎ፣ ኳስ ናት!» በለው። እንደመለሰ ቁጠርለት።

ሁለቱን አንድ ላይ ስታስቀምጥ ትንሹ ገጹን ሲቀማ ትልቋ ትናደዳለች። ለእሱ የሚያኝከውን የራሱን መጽሐፍ አስይዘው። ለእሷ ደግሞ ሥራ ስጣት፤ «እስኪ ለወንድምሽ ቡችላው የት እንደተደበቀ አሳይው» በላት። ለታናሽ የሚያነብ ልጅ ሲያነብ እንዴት እንደሚኮራ ታያለህ። በሌላ ጊዜ ግን ለእሷ ብቻ የሚሆን፣ ሕፃኑ የሌለበት 5 ደቂቃ ይኑራት። ታናሽ ለመጣባት ልጅ ያቺ ጊዜ ትልቅ ናት።

ሌላ አንድ ነገር ብቻ። ልጅ በመጽሐፍ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሁልጊዜ ስትጠራት የማትዞር፣ ቀላል ነገር ሲነገራት የማትከተል፣ ወይም ንግግሯ ለቤት ሰው እንኳ የማይገባ ከሆነ መስማቷን ማስመርመር ያስፈልጋል። አንተ ከጻፍከው ይህን አላየሁም። ግን ከተጠራጠርክ አትቆይ።

ዛሬ ማታ እንዲህ አድርግ። ሁለት መጽሐፍ ይዘህ «የትኛው ይሁን?» በላት። የድሮውን ትመርጣለች፤ እሺ በላት። መሬት ላይ አብራችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያው ገጽ ላይ ምንም ሳታነብ ሥዕሉን ዝም ብለህ እየው። እሷ እስክትናገር ጠብቅ። የተናገረችውን አንተም በለው፣ አንድ ቃል ጨምርበት። ቀጥሎ ያለውን ገጽ እሷ ትገልብጥ። ሁለተኛው ላይ ብትነሳ አትጥራት። መጽሐፉን እንደተከፈተ መሬት ላይ ተወውና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ቀጣዩን አረፍተ ነገር ለብቻህ ጀምር፤ ግሡ ላይ ስትደርስ ቁም።